አማች ታክና ቀጣፊው ባትሪ

«አላውቅም» ብሎ መመለስ የሞት ያህል የሚከብደው ሰው የሌለበት ቤተሰብ በዓለም ላይ የለም። መንገድ ብትጠይቁት ረግጦት የማያውቀውን ሰፈር በጣቱ እየጠቆመ ይመራችኋል፤ ሆዴን ቆረጠኝ ብትሉት መድኃኒቱን ከነአወሳሰዱ ይነግራችኋል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ባይ ነው። ክፋት ደግሞ የለበትም። ክፉ ቢሆንማ ዘመድ ጠልቶት ይገላገል ነበር።

የዮንጁ ከተማው ሊቀ ጠበብት ታክ ሱንግጉ ከነዚህ አንዱ ነው። እንጀራው የግድግዳ ወረቀት መሸጥ ሲሆን በሚስቱ በሄሱክ ቤተሰብ ዘንድ ግን የኮምፒውተር ሐኪም ተብሎ ይከበራል። ይህን ማዕረግ ያገኘው በአንድ ሠርግ ዋዜማ ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ጎትቶ ስላወጣ ነው። ወረቀቱ ለሁለት ተቀዶ ነበር የወጣው፤ ፕሪንተሩም ከዚያ ወዲያ ሠርቶ አያውቅም። ቢሆንም ማዕረግ አንዴ ከተሰጠ ማን ይነጥቃል? የአክስት ስልክ ሲንቀራፈፍ፣ የአጎት ቴሌቪዥን ሲርገበገብ፣ «ታክ ሶባንግን ጥሩት» ነው። ሶባንግ ማለት አማቶች የልጃቸውን ባል የሚጠሩበት ስም ነው፤ ፍቅርም አለበት፣ ትእዛዝም አለበት። ታክ ይመጣና ጫማውን እያወለቀ «ይሄማ ቀላል ነው!» ይላል። ምን እንደተበላሸ ገና አልተነገረውም እኮ።

ዘንድሮ «ቀላል» የሆነው የአማቱ የእማማ ማልሱን ላፕቶፕ ነበር። ወንድ ልጃቸው፣ የሄሱክ ታላቅ ወንድም ዶክሱ፣ ወደ ሳኦ ፓውሎ ሲሄድ ትቶላቸው የሄደው፣ ዕድሜ የጠገበ ዕቃ ነው። ባትሪው ቃል የለውም። ሰማንያ በመቶ አለኝ ብሎ ይምልና ገና ሻይ ሳይፈላ ድርግም ይላል። መልሰው ሲያበሩት ደግሞ ሦስት በመቶ ብቻ ቀርቶኛል ብሎ ያለቃቅሳል።

ይህ ቀጣፊ ነው እንግዲህ ትልቅ አደራ የተጣለበት። የሄሱክ አባት የሙት ዓመት ደርሷል። ምግቡን አቅርቦ፣ መጠጡን አስቀድቶ መስገድ የዶክሱ ድርሻ ነው፤ ዶክሱ ደግሞ አባቱ ከሞቱ ወዲህ አገሩን አልረገጠም። እማማ ማልሱን ዓይናቸው እየደከመ ነው። «ይሄ ዓይን ጨርሶ ሳይከዳኝ፣ ልጄ ለአባቱ ሲሰግድ አንድ ጊዜ ልየው» አሉ። በስልክ ይሁን ቢሏቸው አሻፈረኝ አሉ። «በስልክማ ልጄ ጥፍር ያክላል፤ እሱን ዓይኔ አይይዘውም። በትልቁ አምጡልኝ።»

«ቻርጀሩን ሰክተን እናስቀምጠዋለና» አለች ሄሱክ።

«ገመድ ነው አይደለም?»

«ገመድ ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ ይነቀላል። በአባትሽ ቀን የልብስ ማስጫዬን እንኳ እጠቀልላለሁ። ያ ሁሉ መንገድ መጥተው ነፍሳቸው በገመድ ትጠለፍ?» ካሉ በኋላ ወደ አማቻቸው ዞሩ። «ባትሪውን እንደሆነ ታክ ሶባንግ ያውቅበታል።»

«ይሄማ ቀላል ነው፣ እማማ!»

ሕክምናው ተጀመረ። ሄሱክ በማግስቱ በነጭ ሽንኩርት የታሸ የጎመን ኪምቺ ልታወጣ ፍሪጁን ስትከፍት ባትሪው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጎመኑ መካከል ተኝቷል። «አንተ ሰው፣ ይሄ ምንድነው?» «ብርድ ያጠነክረዋል» አላት። አላጠነከረውም፤ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ብቻ ይዞ ወጣ። ቀጥሎ የሚሰካበትን ጥርስ በእርሳስ ላጲስ ፈተገው። ከዚያ ኮምፒውተሩ የባትሪውን መዝገብ ደምስሶ እንደ አዲስ እንዲተዋወቀው አደረገ። ተዋወቁ፤ ያው ውሸቱን ቀጠለ።

በመጨረሻ «ለወዳጅ ነው የምጠይቀው» ብሎ ጥገና ቤት ገባ። እዚያ የምትሠራው ሴት ቁጥሩ ግምት መሆኑን ነገረችው። ባትሪው ሲያረጅ ግምቱ እንደሚዛባ፣ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ በራሱ እስኪጠፋ ቢጠቀምበትና ሳያቋርጥ እንደገና ቢሞላው ግምቱ ሊስተካከል እንደሚችል አስረዳችው። «ግን ቁጥሩ ቢስተካከል ባትሪው ወጣት አይሆንም። ወዳጅዎ አዲስ ይግዛ» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ ታክ፣ ወጣ።

እቤት ገብቶ ሞላው፣ ማራገፍም ጀመረ፤ አሥራ ሁለት በመቶ ላይ ሲደርስ ግን አንጀቱ አልቻለም፣ ሰካው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ያን ዕለት ቤዝቦል ሲያይበት ቁጥሩ ቀስ ብሎ በጨዋ ደንብ ወረደለትና ታክ መዳኑን አወጀ።

«አዲስ ብትገዛ ምን አለበት?» አለችው ሄሱክ።

«አዲስ ከገዛሁማ ምኑን ጠገንኩት?»

ሙት ዓመቱ በሚውልበት ዕለት ጠዋት ላፕቶፑ እጁ ላይ አርባ አራት በመቶ እያለ ጠፋ። ታክ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የራሱን ፊት አየ። ባትሪ የሚሸጠው ሱቅ ክፍት ነው፣ ሚስቱ አጠገቡ ናት፤ አንድ ቃል ቢተነፍስ ነገሩ ያልቅ ነበር። ነገር ግን «አልቻልኩም» ማለት በዚያ ቤት ውስጥ ከሊቀ ጠበብትነት ወደ ግድግዳ ወረቀት ሻጭነት መውረድ ነው። አፈረ። አፍሮም ዝም አለ። ሞላውና ይዞ ሄደ፤ መንገዱን ሙሉ ዕቃው ጭኑ ላይ ከበደው።

አመሻሹ ላይ ዘመድ ተሰበሰበ። ከገበታው ኋላ ባለሥዕል መከለያ ተዘረጋ፣ የሟች ፎቶ ተቀመጠ፣ ምግቡ ተደረደረ። ላፕቶፑ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ከፎቶው ፊት ለፊት ተደረገ። ሳኦ ፓውሎ ገና መንጋቱ ነበርና ዶክሱ በነጭ ሸሚዝ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ብቅ አለ። እማማ ማልሱን «ከስቷል» ብለው አለቀሱ። የሟች እህት አክስቲቱ ደግሞ «ኧረ ወፍሯል!» ብለው አለቀሱ።

«ባትሪው ስንት ይላል?» አለች ሄሱክ በሹክሹክታ።

«ስልሳ አንድ። ይበቃል፣ ይተርፋልም» አላት።

ትልቁ ስግደት ሊደርስ አንድ ሥርዓት ቀረ። እንግዳው የሟች ነፍስ ሰው ሳያየው ይመገብ ዘንድ ሁሉም ወጥቶ በሩ ይዘጋል። ታላቁ ልጅ፣ ማለትም ዶክሱ፣ ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ሲጠርግ እንደገና ይገባል። ዶክሱ ከሳጥኑ መውጣት ስለማይችል ጀርባውን አዙሮ እንዲቀመጥ ተስማሙ። ወጡ፣ በሩ ተዘጋ፤ ሁሉም ደጃፉ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

በበሩ ሥር ሰማያዊ የስክሪን ብርሃን ይታይ ነበር። ታክ ዓይኑን ከሱ አልነቀለም። ብርሃኑ ጠፋ።

ሌላ ያየ ሰው የለም። ዘመዱ በጨዋነት ይጠብቃል። ከውስጥ ድምፅ የለም። አክስቲቱ እግራቸውን እየቀያየሩ፣ «ወንድሜ ዛሬ ርቦታል መሰለኝ» አሉ። ሄሱክ ባሏን አየችው፤ ባሏ ጣሪያውን አየ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። መሬቷ ግን የምትሰነጠቅ ዓይነት አልሆነችለትም። ከዚያ ሊቀ ጠበብት ታክ በሕይወቱ ከሠራቸው ጥገናዎች ሁሉ የከፋውን ሠራ። ፊቱን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠግቶ፣ አፉን በእጁ ከልሎ፣ ድምፁን አወፍሮ፦

«እህህም። እህህም። እህህም።»

በሩ ተከፈተ። ሻማው ይበራል፤ ስክሪኑ ጭልም ብሏል። ዶክሱ የለም።

«ታዲያ ማነው ጉሮሮውን የጠረገው?» አሉ አክስቲቱ። ወዲያው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «ወንድሜ ነው! ራሱ ነው! በልቼ ጠግቤያለሁ ግቡ እያለን ነው!» ብለው እንባቸውን ለቀቁት። ሌላውም ዘመድ ማልቀስ ጀመረ።

እነሆ ለታክ ከሰማይ የወረደ መዳኛ። ዝም ቢል ባትሪውንም ሐኪሙንም የሚያስታውስ የለም፤ ቤተሰቡ ይህን ተአምር ለልጅ ልጅ ያወራዋል። እማማ ማልሱን ግን አላለቀሱም። ወደ እሱ ዞሩና እንደ ወትሮው በሙሉ እምነት ጠየቁት።

«ታክ ሶባንግ፣ አንተ ነገር ታውቃለህ። ባሌ ናቸው?»

ታክ አክስቲቱን አየ፣ ፎቶውን አየ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለ። «እኔ ነኝ የጠረግሁት። ባትሪውንም አልጠገንኩትም። ጠዋት እንደሚከዳን አውቄያለሁ፤ አፍሬ ነው ያልነገርኳችሁ። ልጅዎን አሳጣሁዎት።»

አክስቲቱ እንባቸውን ጠርገው ተነሡ። «አማች ጉሮሮውን ጠርጎ በር ያስከፍታል? የት አገር ነው እንዲህ ያለው? እኔንስ ምን አስለቀሰኝ?» ሄሱክ ባሏ አጠገብ ቆማ መሬት መሬት አየች፤ እሷም አፍራለች። ግን አጠገቡ ነው የቆመችው። እኛም ይህን ሰው ስናማው ኖረን በዚያች ሰዓት ወደድነው። የተሰጠውን ተአምር የመለሰ ሌላ አማች አናውቅም።

እማማ ማልሱን ወደ ገበታው ዞሩ። «ምግቡ ቀዘቀዘ» አሉ። «ሾርባውን አንሣና ውሃውን አቅርብላቸው።»

«እኔ፣ እማማ? የጋሼ ዶክሱን ቦታ እኔ...»

«ቦታውንማ በር ላይ ወስደኸዋል። ጉሮሮውን የጠረገ ይጨርስ።»

ታክ ተንበርክኮ ውሃውን በሁለት እጁ አቀረበ። የሄሱክ ስልክ የጠራው ያኔ ነው። ታክ ከፈተው፤ ዶክሱ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ይጮኻል።

«ኧረ ምን ሆናችሁ? ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጠረግሁ እኮ! የሚከፍት ጠፋ፤ ስዞር እናንተም የላችሁም!»

«አባትህ በልተዋል፣ አታስብ» አሉ እናቱ። «ታክ ሶባንግ ጠርጎልሃል።»

«ጋሼ፣ ባትሪው ነው» አለ ታክ። «እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

«አንተ? ዝም?» አለ ዶክሱ። «አንተ ደግሞ መቼ ዝም ብለህ ታውቃለህ?»

መጀመሪያ የሳቁት አክስቲቱ ናቸው፤ ለቅሶ ላይ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ያዙ።

ዶክሱ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደገፈና ራቅ ብሎ ቆመ፤ ለአባቱ ሊሰግድ ነው። እማማ ማልሱን ዓይናቸውን አጨናበሱ፣ ምንም አልያዘላቸውም። ታክ በጉልበቱ ዳኸ፤ ከአማቱ ፊት ሆኖ ስልኩን በሁለት እጁ ወደ ዓይናቸው አስጠጋ። አንድ ጊዜ «ራቅ»፣ አንድ ጊዜ «ቅረብ» አሉት። እንዳሉት ሆነ፤ ጎንበስ እንዳለ ክንዱ መዛል ጀመረ። ጥፍር የምታክለው ነጭ ሸሚዝ ወለል ላይ ጎንበስ አለች፣ ግንባሯን አስነካች፣ እንደዚያው ቆየች።

«ታየኝ» አሉ እማማ ማልሱን። «ታየኝ፣ ልጄ። ብቻ እጅህን እንዳታወርድ፣ ታክ ሶባንግ።»

አላወረደም።