የአደይ ለታይ ቢጫ ኮከብ

የእጅ ሥራ አድናቂ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን የገጠመኝ አለቃዬ ነው። ባለፈው ገና፣ መቀሌ ባለው መሥሪያ ቤታችን ዛፉ ሲቆም፣ «የፕላስቲክ ጌጥ ነፍስ የለውም፤ በእጅ የተሠራ አምጡ!» ብሎ አወጀ።

እንደ እናት «አደይ» የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛችን፣ አደይ ለታይ፣ ይህን ሰሙ። በየምሳ ሰዓቱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው በኪሮሽ ቢጫ ኮከብ ሠሩ። ክሩ ከየት እንደመጣ የነገሩት ለእኔ ብቻ ነው።

«የልጄ ሹራብ ነው፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። ከጦርነቱ አልተመለሰም። ሳጥን ውስጥ ብል ከሚበላው ፈትቼ ሠራሁት፤ እሱም በዓል ይይ።»

አለቃችን ኮከቡን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አደይ ለታይን አቅፎ ፎቶ ተነሣ፤ ስለ እጅ ሥራ ክብር ንግግር አደረገ፤ እኛም አጨበጨብን። ታዲያ ይህ ሰው ክፉ ነው ትላላችሁ? በፍጹም! ማድነቁን ይችልበታል፤ መጠየቁ ብቻ ነው ያልመጣለት።

በዓሉ አልፎ ዛፉ ሲነሣ አደይ ለታይ አለቃችን ቢሮ ገቡ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ኮከቤን ልውሰድ ብዬ ነው።»

«ከአዲስ አበባ ለመጡት እንግዳ በስጦታ ሰጠኋቸው እኮ! እንዴት እንደወደዱት ቢያዩ! እርስዎ ሌላ ይሠራሉ።»

«ክር የለኝም» አሉ ቀስ ብለው።

«ለክር ነው? ዛሬውኑ እናስገዛለን! ምን ዓይነት ቀለም ይሻላል?»

አደይ ለታይ ንገርልኝ በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞሩ። የሥራ እድገቴ የእሱን ፊርማ የሚጠብቅበት ሰሞን ነበር።

«ቢጫ ቢሆን ጥሩ ነው» አልኩ።