አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ይፈቀድ

ወደፊት ስለ አርባ ምንጭ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ጽሕፈት ቤታችንን መዝለል አይችልም። ስሙን የማልጠቅሰው ከትሕትና ነው። ሃያ ሦስት ሠራተኞች፣ አንድ ኃላፊና አራት የመልእክት መስመሮች ነበሩን፤ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ሜሴንጀርና ኢሞ። አንዱ "በቴሌግራም ልኬያለሁ" ሲል ሌላው "እኔ የማየው ዋትስአፕ ነው" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ስለሆነ ማንም አይጠየቅም። በዚህ ዓይነት ለዓመታት በሰላም ኖርን።

ሰላሙን ያደፈረሰው የኮምፒውተር ባለሙያችን ኢሳያስ ነው። አራቱንም መስመር ሰብስቦ በአንድ ቋት የሚያስቀምጥ ፕሮግራም አገኘ። ፕሮግራሙ በነጻ መሆኑን ሲሰሙ ኃላፊያችን አቶ ተክለጻድቅ ስብሰባ ጠርተው ንግግር አደረጉ።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ከእንግዲህ መልእክቶቻችን በተቀናጀ፣ በተናበበና ባልተቆራረጠ አግባብ በአንድ መስኮት ይስተናገዳሉ። የቃል ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። አፍ ማስረጃ የለውም!"

አጨበጨብን። አንበሳው እስካሁን አልታሰረም። የታሰሩት ጋሽ ኦይታ ናቸው።

ጋሽ ኦይታ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ያለማሉ። ወደ ማሳቸው የሚሄደው ቦይ የብረት መዝጊያ አለው። መዝጊያው በመዘውር ይነሣል፣ መዘውሩ በሰንሰለት ይታሰራል፣ ሰንሰለቱ በጓጉንቸር ይቆለፋል፤ ጓጉንቸሩ ደግሞ እንዳይዝግ በፌስታል ተጠቅልሏል። የዛሬ ሦስት ዓመት በውሃ ተራ ጠብ ስለተነሣ፣ ገበሬዎቹ ያለ ጽሕፈት ቤቱ ቃል መዝጊያውን ላይነኩ ተማምለዋል። ኃላፊው "ይፈቀድ" ሲሉ ጥበቃችን አጵሎስ ሄዶ ይከፍታል። አሁን የጋሽ ኦይታ ተራ ደርሷል። ሙዙ ዘለላ አውጥቷል፤ በሳምንት ውስጥ ካልጠጣ ፍሬው እንደ ጣት ቀጥኖ ይቀራል።

ሰኞ መጥተው ጸሐፊያችን ሊሻን ፊት ቆሙ።

"ልጄ፣ ተራዬ ነው። ለጌታው ንገሪልኝ።"

"የቃል ጥያቄ ቀርቷል ጋሽ ኦይታ። መልእክት ይላኩ።"

ጋሽ ኦይታ ከኪሳቸው ጀርባዋ በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ስልክ አወጡ። ከመደወል በቀር ሌላ ሙያ የላትም። ሊሻን አዘነችላቸውና ጥያቄያቸውን በራሷ ስልክ ጽፋ ላከች። ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ማዶ የአቶ ተክለጻድቅ ስልክ ጢን አለ።

"ደረሰ! እኔም ሰማሁት" አሉ ጋሽ ኦይታ።

"መድረስ ሌላ፣ መታየት ሌላ።"

"እንግዲያ ልግባና 'ይዩት' ልበላቸው?"

"እሱማ የቃል ጥያቄ ሊሆን ነው።"

እውነቱን ለመናገር አቶ ተክለጻድቅ ሰነፍ አይደሉም። ግን አራት መስመር በአንድ ቋት ሲፈስ ብቻውን አልፈሰሰም። ሠራተኛው፣ ባለቤታቸው፣ የልጃቸው ትምህርት ቤት፣ የሰፈሩ ዕድር፣ የጎንደር የክፍል ጓደኞቻቸው ተከትለው ገቡ። ፕሮግራሙም ትጉህ ነውና ከሁለት ዓመት ወዲህ መልስ ያላገኘውን ሁሉ ቆፍሮ አወጣላቸው። የጋሽ ኦይታ ውሃ በአንድ የክፍል ጓደኛ የጥርስ ሕመምና በዕድሩ ድንኳን መካከል ተቀበረ።

ማክሰኞ ጋሽ ኦይታ መጡ፣ ጢን ሲል ሰምተው ተመለሱ። ረቡዕም እንዲሁ። ሐሙስ ጠውልጎ ጫፉ የደረቀ የሙዝ ቅጠል ተሸክመው መጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

"ይህን ላኪላቸው።"

ሊሻን ፎቶ አንሥታ ላከች። ጥቂት ቆይታ ከወንበሯ ዘለለች።

"መለሱ! ልብ ላኩልዎ!"

"ልብ ምንድን ነው?"

"ወደውታል ማለት ነው።"

"መድረቁን?"

ሊሻን ቅጠሉን አየችው፣ ስልኳን አየችው።

ዓርብ ጠዋት መልስ ያላገኘው መልእክት አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ደረሰ። ኢሳያስ ተጠራ።

"አንድ በአንድ ላንብብ ካልኩ ጡረታዬ ይቀድመኛል" አሉ አቶ ተክለጻድቅ።

"ሁሉንም ይምረጡና አንድ መልስ ይጻፉ። ለሁሉም ይሄዳል።"

"ምን ብዬ?"

"አብዛኛው የፈቃድ ጥያቄ ነው።"

አቶ ተክለጻድቅ በጥልቀት አሰቡ። "አይፈቀድም" ማለት ከሕዝብ ያጋጫል። "ይፈቀድ" ብለው ጻፉና ላኩት።

ፍጥነቱ የሚደነቅ ነበር። የልጃቸው አስተማሪ "ማህደር በፈተና ሰዓት ስታስኮርጅ ተገኝታለች" ብላ ነበር፤ ይፈቀድ። ዕድሩ "ድንኳናችንን አይጥ በላው" ብሎ ነበር፤ ይፈቀድ። የክፍል ጓደኛቸው "መንጋጋዬን ላስነቅል ነው፣ ጸልዩልኝ" ብሎ ነበር፤ ይፈቀድ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉዬ "ወንድሜ ሦስት ወር እኛ ጋ ይሰንብት?" ብለው ከጠየቁ ስምንት ወር ሆኗቸዋል፤ ይፈቀድ። እሳቸው ግን ወዲያው መለሱ፦ "አሞሃል እንዴ?"

የጋሽ ኦይታ ውሃም ተፈቀደ። ችግሩ፣ ሃያ ሦስታችንም በየጊዜው የጠየቅነው የዓመት ፈቃድ እዚያው ቋት ውስጥ ነበር። የበላይ አካል ውሳኔ ሲወርድ ሳይውል ሳያድር መተግበር ግዴታ ነውና በሩብ ሰዓት ውስጥ ግቢው ባዶ ሆነ። ኢሳያስ ወደ ካምባ፣ አጵሎስ ወደ ኦቾሎ እናቱ ዘንድ ወጡ። ሊሻን ብቻ በደግነቷ ጠረጴዛዋ ላይ ብጣሽ ወረቀት ትታ ሄደች፦ "ጋሽ ኦይታ፣ ተፈቅዷል።"

ጋሽ ኦይታ መጥተው ወረቀቱን አነበቡ። አቶ ተክለጻድቅ ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን ቆመዋል።

"ጌታዬ፣ ተፈቅዷል ይላል።"

"ሁሉም ተፈቅዷል" አሉ ኃላፊው በደከመ ድምፅ።

"እንግዲያ አጵሎስ ሄዶ ይክፈትልኛ።"

"ለአጵሎስም ተፈቅዶለታል።"

አቶ ተክለጻድቅ ለአጵሎስ መልእክት ላኩ። ጠበቁ። ደግመው ላኩ። ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ፕሮግራሙን እንዴት እንደሚያጠፋ ኢሳያስ ለሁላችንም ሥልጠና ሰጥቶን ነበር።

"ይደውሉለታ" አሉ ጋሽ ኦይታ።

"ምን?"

"ይደውሉለት። የያዙት ስልክ አይደለም እንዴ?"

አቶ ተክለጻድቅ ስልካቸውን እያገላበጡ ፈለጉ፤ መደወያው የት እንደገባ ጠፋባቸው። ጋሽ ኦይታ በላስቲክ የታሰረችውን አውጥተው ደወሉ። ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው።

"አጵሎስ፣ የጓጉንቸሩ ቁልፍ የት ነው?"

"የቱ ጓጉንቸር? ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነው እኮ ጋሽ ኦይታ። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ድንጋይ ነው። ሰንሰለቱን በእጅዎ ይፍቱት።"

"ለዚህ ነዋ ስትከፍት ጀርባህን የምትሰጠን!"

"ምን ላድርግ? ጥበቃ ነኛ!"

አቶ ተክለጻድቅ ስልኩን ተቀበሉ።

"አንተ! ለምን አላሳወቅኸኝም?"

"ያኔውኑ ጽፌልዎት ነበር ጌታዬ። 'ጓጉንቸሩ ጠፍቷል፣ ለጊዜው ድንጋይ ልሰርበት?' ብዬ። ዛሬ ጠዋት መለሱልኝ እኮ።"

"ምን አልኩህ?"

"ይፈቀድ።"

ጋሽ ኦይታ ስልካቸውን ይዘው ወደ ኩልፎ ወረዱ። ሰንሰለቱን ፈትተው መዘውሩን አዞሩ፤ ከቀትር በፊት ውሃው ሙዙ ሥር ደረሰ።

አቶ ተክለጻድቅ ግን ክፍተት አይተው የሚያልፉ መሪ አይደሉም። ማንም ገበሬ በባዶ እጁ ውሃ ሊያገኝ መቻሉ አስደነገጣቸው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ለማንም መልእክት ሳይልኩ፣ ኮሚቴ ሳያቋቁሙ፣ በእግራቸው ሱቅ ሄደው አዲስ ጓጉንቸር ገዙ። በእግራቸው ኩልፎ ወርደው በገዛ እጃቸው ገጠሙት። ጽሕፈት ቤታችን ፈጣን ምላሽ አይሰጥም የሚሉ ሰዎች ሄደው ማየት ይችላሉ። መዝጊያው በዚያ ሰዓት ክፍት ነበርና፣ እንደ ተከፈተ ቆለፉት።