መጠባበቂያ ያላት ላም

ሰው ሲታመም «አይዞህ» ይባላል፤ ከተማ ደመወዝ ሲበላ የኖረ ልጅ «ከብት ላዳቅል» ብሎ አገሩ ሲመለስ ግን የሚባለው ነገር ስለሌለ፣ ዘመድ ዝም ብሎ ያየዋል። እኔም ወላይታ ሶዶ ስገባ የታየሁት እንደዚያ ነው። እናቴማ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ልጅሽ ምን እየሠራ ነው?» ሲሏት «ይጸለይለት» ማለት ጀምራ ነበር።

አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ክራቫት አስሬ ሶፍትዌር እሠራ ነበር። ታዲያ ምን ነካህ ትሉኝ ይሆናል። ስለ ዘረመል ማንበብ ጀመርኩና ነካኝ! ዘረመል እኮ ኮድ ነው፤ ጸሐፊው ይታወቃል፣ ማብራሪያ ግን አልተወልንም። የማን ላም ከየትኛው ኮርማ ዘር ብትዳቀል እንደሚሻል የሚመርጥ ፕሮግራም ሠራሁ፤ ማዳቀሉንም ሠለጠንኩና ዘሩ የሚቀመጥበትን የናይትሮጅን ዕቃ ተሸክሜ መጣሁ። ጊዜው ወጣት ሁሉ «ተደራጅ፣ ሥራ ፍጠር» የሚባልበት ስለነበር በየስብሰባው ተጨበጨበልኝ። ላም የሚሰጠኝ ግን ጠፋ።

በመጨረሻ ቦዲቲ የሚያስተምሩት አጎቴ፣ ጋሽ ዳና፣ ጨክነው ቀይ ላማቸውን ሰጡኝ። ከፈረንጅ ጥቁር ኮርማ ዘር አዳቀልኳት። ሰፈርተኛው በሙሉ «እስቲ ጥጃው ይታይ» ብሎ መጠበቅ ጀመረ። ጥጃዋ የአገሩን ከብት መስላ ከወጣች፣ የእኔ ነገር አበቃለት ማለት ነው።

ላሚቱ ያማጠች ቀን ግቢው በሰው ሞላ። ጋሽ ዳና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያን ጊዜ ላፕቶፕህን ስታሳየኝ፣ ባክአፕ የሌለው ሰው ኋላ ያለቅሳል አላልከኝም?»

«ብያለሁ፣ ጋሼ።»

«እኔም ያው ለባክአፕ ብዬ፣ አንተ እንደሄድክ ላሙን ጩፋሞ ኮርማ ጋ ወሰድኩት።»

ጎረቤታችን አቶ ጩፋሞ አጥሩን ተደግፈው ፈገግ ይላሉ። 

«ኮርማው መልኩ ምንድን ነው?»

«ቀይ ነው። ምነው?»

ቀይ ከቀይ ተገናኝቶ ጥቁር አይወልድም። እንግዲህ ኑሮዬ በአንዲት ጥጃ ቀለም ላይ ተንጠለጠለ።

ብዙም ሳይቆይ አክስቴ «ጋላታይስ!» ብላ ጌታን ስታመሰግን ሰማሁ። ሮጬ ደረስኩ። ጥቁር! ግንባሯ ላይ ብቻ ነጭ ጣል ያለባት፣ ጥቁር ጥጃ! ነፍሴ መለስ አለች፤ ሰው ፊት እንባዬ መጣ፣ አላፈርኩም። አቶ ጩፋሞ እንኳ ከልባቸው አቀፉኝ።

እፎይ ካልኩ በኋላ ግን ቅሬታዬ መጣ።

«ጋሼ፣ እንዴት አላመኑኝም?»

«አምኜሃለሁ እንጂ። አንተም ራስህን አምነህ አይደል ሥራህን ጥለህ የመጣኸው?»

 ለእናቴ እንኳ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ የመጣሁት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ ነው። ወንበሬ አዲስ አበባ ይጠብቀኝ ነበር፤ ክራቫቴም ሻንጣዬ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር።

በማግስቱ አለቃዬ ጋ ደወልኩና እንደማልመለስ ነገርኩት። ስልኩን ስዘጋ ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ። ክራቫቱን ግን አልጣልኩትም። ላሚቱ ስትታለብ ጥጃዋ የምትታሰረው በእሱ ነው።