ዘንባባ የዋጠችው ዶሮ

«እማዬ፣ ዶሮ ስትታመም ማን ይጠይቃታል?» አለችኝ ልጄ አንድ ቀን። ሰው ሲታመም ጎረቤት አጥሚቱን ይዞ፣ «እግዜር ይማርሽ» እያለ ይመጣል። ዶሮ ስትታመምስ? እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ቢላዋ ይሳላል።

ከማክሰኝት ገበያ ያመጣኋት ገብስማ ዶሮ የታመመችው በሰሙነ ሕማማት ነው። የሆሳዕና ዕለት ልጄ የዘንባባ ቀለበት ስትጎነጉን ቅንጥብጣቢውን መሬት ላይ ጣለችው፤ ዶሮዋ ለቅማ ዋጠችው። ማክሰኞ ጧት፣ ገና ጥሬ ሳትቀምስ፣ ጉሮሮዋ ሥር ያለችው የእህል ከረጢቷ እንደ ድንጋይ ጠጥራ አገኘኋት። የኑግ ዘይት አንቆርቁሬ ሁለት ቀን በጣቴ አሸሁላት። ንቅንቅ አላለም። የልጄ ደብተር የሚገዛው ደግሞ በእንቁላሏ ነው፤ እሷ ከሄደች ትምህርቱም አብሯት ሊሄድ ነው።

ሐሙስ ከስግደት መልስ ጎረቤታችን አያ ደርሶ መጡ። ባሌ በጣሊያን ጊዜ ካረፈ ወዲህ ለፋሲካ የሚያርዱልኝ እሳቸው ናቸው፤ ሴት ዶሮ አታርድማ።

«ምነው ትጨነቂያለሽ? ቅዳሜ ማታ አርድልሻለሁ» አሉኝ።

«እስከ ቅዳሜ መች ትቆያለች? እኔው ቀድጄ አወጣዋለሁ።»

«በሕማማት ደም! ያውም ሴት! ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ አያ። ወንዱ እስኪጨርሰው ግን ዶሮዋ አለቀች።»

ማረድ የወንድ ነው ብለውኛል፤ ይሁን። መስፋት የማን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም።

ምላጩን በፈላ ውሃ ነከርሁ። ልጄ ክንፏን ያዘችልኝ፤ ጉሮሮዋ ሥር ያለውን ላባ ነጭቼ ግማሽ ጣት የምታህል ሰነጠቅሁ። ዘንባባው እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ ወጣ። ከዚያ ከረጢቱን ለብቻ፣ ቆዳውን ለብቻ፣ በጥልፍ ሐሬ ሳልሰስት ሰፋሁ። አያ ደርሶ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆሙ። አልሄዱም ግን፤ በጎን ያዩ ነበር።

«ነገ ስቅለት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ካህኑ በወይራ ሲጠበጥቡሽ ይህን ትናዘዣለሽ?»

«እናዘዛለሁ። ስንት ስገጂ ቢሉኝ እሰግዳለሁ። ስፌቱን ፍቺ ካሉኝ ግን አልፈታም።»

በማግስቱ ጧት ዶሮዋ ከጣሳው ውሃ ስትጎነጭ አየሁ። ከከረጢቷ የወጣውን ዘንባባ ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ ቀለበት አድርጌ በጣቴ አጠለቅሁና ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። አያ ደርሶ ከወንዶቹ በኩል ሆነው ሲያዩኝ፣ እጄን መሬት ላይ ሸጋ አድርጌ ዘርግቼ ሰገድሁ።