የወይዘሮ ወለተሰንበት ዛፍ በማን ሽብልቅ ይውደቅ?

ቀን፦ ሐሙስ ጥቅምት 10 ቀን 1931 ዓ.ም.
ቦታ፦ ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ፣ የባላምባራስ ገረሱ ግቢ
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ሰብሳቢው ካባቸውን እስኪያገኙ በ4 ከሩብ ተጀመረ።
የተገኙ፦ ባላምባራስ ገረሱ (ሰብሳቢ)፣ ነጋዴው አቶ ነጋ፣ አናጢው አቶ በከር፣ እኔ ወርቅአፈራሁ (ጸሐፊ)። ከሰባቱ የሰፈር ሽማግሌዎች አራት በመሆናችን ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል። ወይዘሮ ወለተሰንበት ባለጉዳይ እንጂ አባል አይደሉም፤ ሆኖም ከሁሉም በላይ ተናግረዋል።

መነሻ፦ የጣሊያኑ ሹም፣ ባሕር ዛፉ የስልክ ሽቦ ስለሚነካ እስከ ነገ ካልተቆረጠ ወታደሮቹ ቤቱንም ጨምረው እንደሚያነሱት አስጠንቅቋል። ዛፉ ወደ ወይዘሮዋ ቤት ያጋደለ ነው። ትናንት ስንጥቁን ከፍቶ ግንዱን የሚገፋ ሽብልቅ ሳይገባ መጋዝ ስለተጀመረ፣ ግንዱ ተቆርጦ ሊያልቅ ሲል መጋዙን ነክሶ ይዞታል።

1. ዛፉ ወዴት ይውደቅ?
ከረጅም ውይይት በኋላ ወደ ሜዳው እንዲወድቅ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ወይዘሮ ወለተሰንበት “ዛፉስ ተስማማ?” ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታለፈ።

2. የማን ሽብልቅ ይግባ?
ሰብሳቢው ከእርጥብ ባሕር ዛፍ የጠረቡትን፣ አቶ ነጋ የብረት ሽብልቃቸውን አቀረቡ። አቶ በከር እርጥቡ እንደሚጨፈለቅ፣ ብረቱ የመጋዙን ጥርስ እንደሚያረግፍ ገልጸው፣ ሁለት ቀጫጭን የደረቀ ወይራ ሽብልቆች ከመጋዙ ኋላ ጎን ለጎን ገብተው በየተራ ቀስ ተደርገው ቢመቱ ይበቃል አሉ። ሰብሳቢው እሳቸው እያሉ የአናጢ ሽብልቅ እንደማይቀድም አሳሰቡ። አቶ ነጋ ብረት ከእንጨት በታች ሊሆን ነው ወይ ብለው ተቆጡ። ተው ተባሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሽብልቆቹ በየማዕረጋቸው እንዲገቡ፣ ቦታ ከተረፈ ወይራው እንዲከተል ተወሰነ። አቶ በከር “ወላሂ፣ ይሄ ዛፍ ነው እንጂ በማዕረግ የሚገባበት የግብር አዳራሽ አይደለም!” ብለዋል።

ወይዘሮ ወለተሰንበት “እናንተ በማዕረግ ስትደረደሩ ቤቴ ሊደረመስ ነው! ከሱ ሌላ ምን አለኝ?” ብለው አለቀሱ፤ ከዚያም መዶሻውን አንስተው ወጡ። አቶ በከር ወይራዎቹን ይዘው ተከተሏቸው። ምልዓተ ጉባኤው ስለጎደለ ጸሐፊው ሁለት ጊዜ እንዲቆጠር ተወሰነ።

3. መዶሻውን ማን ይያዝ?
ሰብሳቢው ለማዕረጋቸው የሚመጥን መዶሻ ይፈለግ ሲሉ “ጓ!” የሚል ድምፅ ተሰማ። ወጥተን አየን። ዛፉ ወደ ሜዳው ወድቋል፤ ቤቱ ደኅና ነው፣ ተመስገን! ይሁን እንጂ ጫፉ ከሜዳው ማዶ ያለውን የሹሙን አዲስ ሽንት ቤት ጨፍልቋል። ውስጡ ሰው አለመኖሩ ተጣርቷል። አቶ ነጋ “አይ ዕድል!” ብለዋል፤ የእፎይታ ይሁን የቁጭት አላብራሩም።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከአጭር ውይይት በኋላ፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ስብሰባ እንዳልተደረገ፣ ማንም እንዳልተገኘ፣ ዛፉንም ነፋስ እንደጣለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ያልተደረገው ስብሰባ ከቀኑ 6 ሰዓት ከሩብ በጓሮ በኩል ተበተነ።

ወይዘሮ ወለተሰንበት ግን መንገድ ዘግተውብኝ “የምን ነፋስ! የመታሁት እኔ ነኝ፤ ጻፈኝ” አሉኝ። መዳፋቸው ውሃ ቋጥሮ ነበር። ጻፍኳቸው።