ብሔረሰቡ ያልተጣራ ገል

ፎርም የሚባለው ነገር ባዶ ቦታ እንዲጠላ ሆኖ ነው የተፈጠረው። ሰው የተወለደበትን ቀን በግምት ቢጽፍ ማንም አይቆጣውም (እኔ ራሴ በየመሥሪያ ቤቱ በተለያየ ቀን ተወልጃለሁ)፤ አንዲት ሣጥን ባዶዋን ካለፈች ግን ወረቀቱ ወደ መጣበት ይመለሳል። ክልሉ በተቋቋመ ሰሞን አሶሳ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ማኅተሙ ከጠረጴዛው ቀድሞ የደረሰበት ጊዜ ነው፤ ወንበር እየተዋዋስን እንቀመጣለን፣ ፎርም ግን ሞልቶናል። በሁሉም ላይ ደግሞ «ብሔረሰብ» የምትል ሣጥን አለች። ለቅጥር አለች፣ ለመታወቂያ አለች፣ ለዓመት ፈቃድም አለች። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ እንጂ ሕግ አውጪ አይደለሁም። አባቴ ጎጃሜ፣ እናቴ የወለጋ ልጅ ስለሆኑ እዚያች ሣጥን ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ድንገት ቀለም ይጨርስ ነበር።

ሣጥኗ በሰው ላይ ብቻ ብትቀር ኖሮ ይህን አላወጋችሁም። ለሸክላም መጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባህል ቢሮው ኃላፊያችን አዲሱ ክልል አንድ ጥንታዊ መንደር እንደሚያስፈልገው ወሰኑ። ከአዲስ አበባ ባለሙያ ተጠራ፤ ባለ ሰፊ ባርኔጣ፣ ትሑት፣ አፈር በብሩሽ የሚጠርግ ሰው። ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንዲት ትንሽ መንደር ጀርባ ጉብታ ሲያይ ዓይኑ በራ። ጉብታው ያለው ከእትዬ ሐዋ ጓሮ ጫፍ ላይ ነው። እትዬ ሐዋ ሸክላ ሠሪ ናቸው፣ በብሔረሰባቸው በርታ፣ ባላቸው ከሞቱባቸው የቆዩ፤ በዚህ ምድር ያላቸው ያቺው ጎጆና ያው ጓሮ ነው።

ሁለት ሳምንት ተቆፈረ። እኔ የሚወጣውን እንድመዘግብ ተላክሁ። የገሉ ብዛት! ባለሙያው በሦስት ከረጢት ለያየው፦ ነጠብጣብ ያለበት፣ ልሙጡ፣ ጠርዙ በጣት የተጨቆነው። «ሦስት የተለያዩ ሕዝቦች ናቸው» አለኝ፤ «አንዱ ሌላውን እያስለቀቀ የሰፈረ ይመስለኛል።» እኔም ጻፍኩ። አንዳንዴ የምጽፈውን ባላነብ ይሻለኝ ነበር፤ ምክንያቱም ቦታው ጥንታዊ ከሆነ ይታጠራል፣ ከታጠረ ደግሞ እትዬ ሐዋ ይነሳሉ። ደብዳቤውም ብዙ አልቆየም፤ «የግለሰቧ ጎጆ ለቅርሱ ደኅንነት ሲባል ከቦታው እንዲነሳ» ይላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምሳ ሰዓት ላይ የሴትየዋን ገንፎ የበላሁት እኔ ነኝ፤ ለደብዳቤው ቁጥር የሰጠሁትም እኔው። አፈርኩ።

ሄጄ አነበብኩላቸው። እትዬ ሐዋ ባለሙያው ሸራ ላይ ከዘረጋቸው ገሎች ነጠብጣብ ያለበትን አንዱን አንስተው አገላበጡት።

«ይሄ የጥንት ሰዎች ሥራ ነው፣ እናቴ» አለ ባለሙያው።

«ጥንት ምንድነው?»

«ድሮ፣ በጣም ድሮ የኖሩ ሰዎች።»

«አይ» አሉ በተሰባበረ አማርኛቸው። «ይሄ የኔ ነው። እኔ ነው የሠራ። ሙሄ ሰበረ። ካቻምና፣ አረፋ ጊዜ።»

ባለሙያው በአክብሮት ፈገግ አለ፤ የተማረ ሰው ያልተማረውን ላለማስቀየም የሚያደርጋትን ፈገግታ ታውቋታላችሁ። እትዬ ሐዋ ወደ ጓሮ ሄዱ፣ ዶሮዎቹን «እሽ!» ብለው አባረሩ፣ ውሃ የሚጠጡበትን የተሰበረ ማሰሮ ደፍተው ይዘውት መጡ። ገሉን ስባሪው ላይ አስቀመጡት።

ገጠመ።

«በቆሎ ነው» አሉ ነጠብጣቡን በጣታቸው እያሳዩ። ለካ እርጥብ ሸክላ ላይ የበቆሎ ቆረቆንዳ ሲንከባለል የሚቀር ምልክት ነው። ሙሄም ተጠራ፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ የሰፈረ ገበሬ፣ የአጥር ጎረቤታቸው ነው። ራሱን እያከከ መጣ።

«ወላሂ እኔው ነኝ» አለ። «የአረፋ ለት ገንፎ ልካልን፣ ማሰሮዋን ልመልስ ስል ከእጄ አመለጠኝ። ቂጡን እሷ ለዶሮ ያዘችው፣ ሌላውን እዚሁ ደፋነው። የኛም ስባሪ፣ የታችኞቹ ኦሮሞዎችም ስባሪ የሚደፋው እዚሁ ነዋ!»

ጉብታው የሦስት ሰፈር ቆሻሻ መድፊያ ነበር። አንዱ ሌላውን እያስለቀቀ ያልነው ሕዝብ፣ አንዱ የሌላውን ማሰሮ ሊመልስ ሲሄድ የተደናቀፈ ሕዝብ ሆኖ ተገኘ። ባለሙያው ባርኔጣውን አወለቀ፣ ማስታወሻውን ሰረዘ፣ እትዬ ሐዋን ይቅርታ ጠይቆ በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ጨዋ ሰው ነበር።

አለቀ ብላችሁ ከሆነ ቢሮ አታውቁም። ኃላፊያችን ቁጥር የወጣለት ጉዳይ በዶሮ መጠጫ እንደማይዘጋ አስረዱኝ፤ የማሰሮው ፎርም ተሟልቶ ይቅረብና ጎጆው ይነሳ ወይም አይነሳ ያኔ ይወሰናል። ፎርሙን ይዤ ተመለስኩ። የተገኘበት ቦታ፦ ጓሮ። ዕድሜ፦ ሁለት ዓመት። ብሔረሰብ፦

እትዬ ሐዋን ጠየቅኋቸው። አሰቡበት።

«አፈሩ ከታች፣ ከኦሮሞ ማሳ ነው። አሠራሩ አማቴ አሳየኝ፣ እሱ ማኦ ነው። እጁ የኔ ነው። የሰበረ ሙሄ ነው። እንግዲህ አንተ ጻፍ፣ የተማረ አንተ ነው።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያች ሣጥን ላይ እስክሪብቶዬ ቀለም አላለቀበትም። «ጎረቤት» ብዬ ጻፍኩ።

በሳምንቱ ፎርሙ በቀይ ተጽፎበት ተመለሰ፦ «ጎረቤት የተባለ ብሔረሰብ በክልሉ ስለማይታወቅ ተጣርቶ ይቅረብ። እስከዚያው ጎጆው ባለበት ይቆይ።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። ከዚያ ፎርሙን መሳቢያዬ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ኃላፊዎች ተቀያይረዋል፣ ሁሉም ሥራ ላይ ዘገምተኛ ነህ እያሉ ወቅሰውኛል። ባለፈው ሰሞን በዚያ ሳልፍ እትዬ ሐዋ ደጃፋቸው ላይ አፈር ሲያቦኩ፣ ዶሮዎቹም ከዚያው ስባሪ ሲጠጡ አየሁ። አዲሱም ኃላፊ ትናንት ጠርተው ጠየቁኝ፤ ጉዳዩ ከምን ደረሰ?

እያጣራሁ ነው አልኳቸው።