የጥቅምት ልጅ ድንጋይ

ዕድል ያመጣል በሚባል የልደት ወሩ የከበረ ድንጋይ የሚመካ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ ምትኩ ጤናችሁን ሳይጠይቅ የተወለዳችሁበትን ወር ይጠይቃል። እናቱ «የጥቅምቱ ልጄ» ሲሉ ሰምቶ፣ የጥቅምት ድንጋይ ነው በተባለው የወሎ ኦፓል ቀለበት አሠርቶ፣ ደብረ ታቦርን በወሬው አሰልችቷል።

ሐምሌ ላይ እናቱን ልንጠይቅ ሐሙሲት ስንሄድ ዝናብ አበሰበሰን። ቤት ስንገባ ድንጋዩ ውሃ ጠጥቶ ቀለሙ ጠፍቷል። ምትኩ እጁን ወደ እናቱ ዘረጋ።

«እማዬ፣ ዕድሌ ሞተ!»

እናቱ ቀለበቱን ከጣቱ አውልቀው አዩት።

«አንተማ የግንቦት ልጅ ነህ። የጥቅምቱ ታላቅህ ነበር፤ በአራስነቴ ሞተብኝ። ምትኩ ያልንህ ለምን መሰለህ?»

እናቱ ድንጋዩን በመዳፋቸው ጨብጠው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«አይ ልጄ፣ ያኔም እጅህ እንዲህ ይቀዘቅዝ ነበር» አሉ።

የሚያናግሩት ግን ምትኩን አልነበረም።